የመለማመጃ ፎቶዎቿ

ወልድያ ኮሌጅ ገብቼ ፎቶግራፍ ልማር ነው ስል አባቴ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ገበታው ላይ አስቀመጠው። የሐብሩ ወረዳ ገበሬ ነው። እርሻችን ግራና ከተማ አጠገብ ነው፤ ቤታችን ደግሞ መርሳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ለእሱ ፎቶ ማለት መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነበር።

«እሱንም ይማሩታል እንዴ?» አለኝ።

«አዎ አባ። ሰርግ አለ፣ መጽሔት አለ፣ ማስታወቂያ አለ። ሥራ ነው።»

«ሥራ ከሆነስ መልካም። ለሴት ልጅ ግን...»

እናቴ አላስጨረሰችውም። «ለሴት ልጅ ምን? ሙሽራ የምታፍረው ወንድ ፊት ነው። ሴት ብታነሳት ምን ይከፋል? ይልቅ ዱዓ አድርግላት።»

አባቴ እጁን ዘረጋና ዱዓ አደረገልኝ። በዚያው ዓመት ወልድያ ገባሁ።

በክፍላችን ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበርን። ሌላዋ ከጉባ ላፍቶ ደጋ፣ በሳንቃ በኩል ወደ ላይ ከሚወጣው አገር የመጣች ልጅ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች። በመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ተቀመጠችና «ቤት አግኝተሻል?» አለችኝ። አላገኘሁም ነበር። ከሰዓት በኋላ አብረን ፈልገን ከአንዲት መበለት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። እኔ ስሰግድ እሷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እሷ ስትጾም እኔም አብሬ ሽሮ እበላለሁ። በአንድ ዕረፍትም ደጋ ይዛኝ ሄዳ ከእናቷ ጋር አስተዋውቃኛለች። ከዚያ በፊት እህት አልነበረኝም።

መምህራችን ለረጅም ዓመት ፎቶ ቤት የሠሩ ሰው ነበሩ። ካሜራ ሳያስይዙን ፊት ማየት አስተማሩን። «መጀመሪያ ሰውየውን እዩት» ይሉ ነበር። «ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ከዚያ ነው ካሜራው።» ካሜራዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ተራ እየጠበቅን ነበር የምንለማመደው። የሚነሳልን ሰው ስለሌለም እርስ በርሳችን እንነሳለን። የእኔ ተነሺ እሷ ነበረች።

እንደ እሷ ለፎቶ የማትመች ሰው አላየሁም። ቆንጆ ናት፤ ግን ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም። «አትንቀሳቀሺ» ስላት ትስቃለች። «አትሳቂ» ስላት ዓይኗን ትጨፍናለች። መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ግማሽ ፊቷን ብርሃን፣ ግማሹን ጥላ አድርጌ ያነሳኋትን መምህራችን አይተው «ጥላው በዛ፤ ይቺ ልጅ አንድ ዓይን ብቻ ነው ወይ ያላት?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች።

መርሳ ላይ ፎቶ ቤት ልንከፍት ነበር ሐሳባችን። አውቶቡስ የሚቆምበት ከተማ ስለሆነ ሰው አይታጣም። «እኔ የተክሊሉን፣ አንቺ የኒካሁን» ትል ነበር። «ማንም ሰው ሳናነሳው አያገባም።» የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር ተከራክረንበታል። እሷ ነጭ አለች፤ እኔ ነጭ አቧራ አይችልም አልኩ።

የሰሜኑ ጦርነት ሲቃረብ የዓመቱን መጨረሻ ሥራ እያዘጋጀን ነበር። ከቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ከዚያ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በእግሩ የሚሸሽ ሰው ከተማውን ሞላው። አንድ ጠዋት መምህራችን ሰበሰቡን። ካሜራዎቹን ዕቃ ቤት ቆልፈውባቸዋል። በየስማችን ያስቀመጧቸውን ሚሞሪ ካርዶች ግን ለየባለቤቱ ሰጡን።

«ካሜራው የኮሌጁ ነው» አሉን። «ሥራው የእናንተ ነው። ያዙትና ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

ወደየቤታችን ማለት ለእሷ አልሆነም። ወደ ደጋው የሚወጣ መኪና አልነበረም፤ መንገዱ ላይ ምን እንዳለም የሚያውቅ የለም። ስልክ ገና እየሠራ ስለነበር አባቴ ደወለልኝ። «ያቺን ልጅ ጥለሽ እንዳትመጪ» አለኝ። «ሁለታችሁም ኑ።» እሷም ለእናቷ ደወለችና መርሳ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ከዚያ ከሰው ጋር ተቀላቅለን በእግራችን ወረድን። ካርዴን በቀሚሴ ጫፍ ውስጥ ሰፍቼው ነበር።

መርሳ ስንደርስ ጾመ ፍልሰታ ነበር። እናቴ የእሷን ማተብ ስታይ ወደ ጓዳ ገብታ ቅቤ ያልነካው ድስት አወጣች። ጓደኛዬ አፈረች። «እማማ፣ አይቸገሩ፤ ቆሎም ይበቃኛል» አለቻት።

«ሥጋችን ባይገጥም ሽሯችን ይገጥማል» አለች እናቴ። «አብሽሪ፣ ልጄ። ቤትሽ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ መርሳም በታጣቂዎች እጅ ገባች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ የቧንቧ ውኃ ቆመ። ገበያ የለም። ወንዶቹ ከቤት አይወጡም። እኛ ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለማናነሳው ፎቶ እናወራ ነበር። «አሁን የእናትሽን እጅ ባነሳው» ትለኛለች፣ እናቴ በቆሎ ስትፈለፍል እያየች። «ከዚህ ጎን፣ ብርሃኑ ሳያልፍ።» በዚያ ወቅት ካሜራ ይዞ የታየ ሰው ሰላይ ተብሎ ይያዝ ነበር። ስለዚህ በወሬ ብቻ እናነሳለን። ከዚያ የራሷ እናት ትዝ ይሏታል። ለብቻቸው ናቸው፤ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም።

ውኃ የምንቀዳው ከወንዝ ነበር። አንድ ረፋድ ጀሪካናችንን ሞልተን እየተመለስን ሳለ አንዲት አሮጊት የሚያሸክማቸው ሰው አጥተው ቆመው አየናቸው። ጓደኛዬ ጀሪካኗን አስቀምጣ ልታሸክማቸው ተመለሰች። እኔ ከፊት ነበርኩ። ምድር ተናወጠች፤ ወደቅሁ። ስነሳ አቧራ እንጂ ሌላ አይታየኝም። ከባድ መሣሪያው ከየት እንደተተኮሰ ዛሬም አላውቅም። አሮጊቷ እዚያው አርፈዋል። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ እኔን ይፈልጋል።

አባቴና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጤና ጣቢያው ተዘርፏል፤ አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። በነጠላ ቁስሏን አሰረችላት፤ ከዚያ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

«ለእናቴ ማን ይነግራቸዋል?» አለችኝ።

«አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ፤ ወላሂ ትድኛለሽ» አልኳት።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አረፈች።

አባቴ ቄሱን ቤታቸው ሄዶ ጠራቸው። እናቴ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሴቶች ጋር ሆና አጥባ ገነዘቻት። አስከሬኗን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር የተሸከሙት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከበሩ ክርስቲያኖቹ ተቀበሏቸው። አባቴ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ መዳፉን ዘርግቶ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። አንዱ ታጣቂ መጥቶ «የማን ቀብር ነው?» ሲለው «የልጄ» አለው።

ወራት ካለፉ በኋላ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ፤ መንገዱ ተከፈተ። ስልክም ተመለሰ። የእናቷን ቁጥር ይዤ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ አይነገርም። አባቴ ጋቢውን ለብሶ «እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለኝ።

ወልድያ ስንደርስ ኮሌጁን አየሁት። በሮቹ ተገንጥለዋል። ከካሜራዎቹ አንድም አልቀረም። መምህራችንን ቤታቸው አገኘኋቸው፤ የሆነውን ነግሬ ካርዱን ሰጠኋቸው። የተከፈተ ፎቶ ቤት ፈልገው ኮምፒውተር ላይ አብረን አየነው። እኔ ያነሳኋቸው የእሷ ፎቶዎች በሙሉ መለማመጃ ነበሩ። በአንዱ ዓይኗን ጨፍናለች፣ በአንዱ ተንቀሳቅሳ ደብዝዛለች፣ በአንዱ ብርሃኑ በዝቶ ፊቷን በልቶታል። አንድም ደህና ጉርድ ፎቶ የላትም። መምህራችን ያንን የመስኮቱን፣ የቀለዱበትን ፎቶ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼ ጥሩ ፎቶ ነው» አሉ። «ያን ጊዜም ጥሩ ነበር።»

እሱንና ሌሎቹንም አሳተሙልኝ።

ደጋው ላይ አጎቷን አስቀድመን አገኘን። እሳቸው ቄሱንና ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ በማግስቱ ገና ሲነጋ አብረን ወደ እናቷ ቤት ሄድን። እናቷ ገብስ ሊያሰጡ ወጥተው ነበር። የሰዉን ብዛት አዩ። ከዚያ ከሰዉ መሀል እኔን አዩኝ፤ ከልጃቸው ጋር መሆን የነበረብኝን። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«የት ጣልሻት?» አሉኝ።

ማንም አፉን ሳይከፍት ለቅሶው ተጀመረ።

ሐዘኑ ረገብ ሲል አጠገባቸው አስቀመጡኝና ይጠይቁኝ ጀመር። ምን ስትበላ ከረመች? ማን ገነዛት? ቄስ ደርሶላታል? ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅቤ ስላልነካው ድስት ስነግራቸው ዘወር ብለው አባቴን አዩት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ» አሉት። አባቴ ማልቀስ ጀመረ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ የመስኮቱን ፎቶ ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ጥላ የሆነውን ጉንጯን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት።

«እዚህ ነው የመታት?» አሉኝ።

«አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው። «ጥላ ነው። ብርሃኑን በአንድ ጎን አድርገን ነው የምንማረው። ፊቷን ምንም አልነካትም።»

ያመኑኝ አልመሰለኝም። ሌሎቹን ፎቶዎች በሙሉ እግራቸው ላይ ደረደርኩላቸው። ከመሀል አንዱን አነሱ። የደበዘዘው ነው፤ ስትስቅ አንገቷን ያዞረችበት፣ የትኛውም መምህር የማይቀበለው። «እቺ ናት» አሉ። «እንዲህ ናት።» ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው እሱ ነው።

ኮሌጁ እንደገና ሲከፈት ተመለስኩ። መጀመሪያ ካሜራ ስላልነበረ መምህራችን ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ያስተምሩን ነበር። ተመረቅሁ። መርሳ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ ፎቶ ቤት ከፈትኩ፤ ለብቻዬ። ሰርግ እንዳሰብነው አልመጣም። መጀመሪያ የመጡት ሰዎች የሟች ልጃቸውን መታወቂያ ይዘው ነበር። ከጥፍር የማይበልጠውን ምስል አሳድጌ፣ የማኅተሙን ቀለም ከፊቱ ላይ አጥፍቼ እሰጣቸዋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። መጽሔትም ማስታወቂያም ሳላይ ሥራዬ ይኼ ሆነ።

ባለፈው ዓመት እናቷ ወደ መርሳ ወረዱ። ዘመዶቻቸው አጽሟን ወደ አገሯ እናምጣው ብለው መክረው ነበር። አባቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘን፤ እኔና እናቴ አብረን ገባን። ሳሩ ለምልሞ ነበር። መቃብሩ ላይ ድንጋይ ያስደረደረው አባቴ መሆኑን ሲሰሙ እናቷ ተንበርክከው ድንጋዮቹን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ብዙም አላለቀሱም።

«እዚሁ ትረፍ» አሉ ሲነሱ። «ሰው አላት።»

እናቴ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። በማግስቱ ወደ ወልድያ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። እናቴ አንድ ዘንቢል ማንጎ ከእግራቸው ሥር አስቀመጠችላቸው። በመስኮት ሆነው ቀና አሉና «በሰላም ዋሉ» አሉን። መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔና እናቴ ዳር ቆመን እጃችንን አወዛወዝን።