አሥራ ሁለት ክፍል፣ አሥራ ሁለት እሺ

የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት ሥራዬ ምን እንደሆነ በማስረዳት ነው። እዚሁ ጋምቤላ ለዓመታት ኮምፒውተር ካስተማርኩ በኋላ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የመስክ አማካሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ነጋዴዎች በስልካቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት እንዲጠቀሙ ማገዝ ነው አሉኝ። ላፕቶፕ፣ ፓወር ባንክና ባለ አሥራ አራት ጥያቄ ቅጽ ይዤ ወጣሁ። አንዱ ባለሱቅ ምን እንደምጠግን ጠየቀኝ። ምንም አልጠግንም፣ አማክራለሁ ስለው እሱም ግራ ገባው፣ እኔም።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ወይዘሮ አሪየት ነበሩ። ከባሮ ወንዝ ዳር አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ፔንሲዮን አላቸው። ስልክ የምታነሳው፣ በቴሌግራም የምትመልሰውና ቁልፍ የምትሰጠው ሠራተኛቸው ኛማል ናት። ክፍል የጠየቀውን ሁሉ ሰማያዊ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንዳንዱ ስም አጠገብ መስቀል፣ አንዳንዱ አጠገብ ሰረዝ ብቻ አለ። ሰረዙ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እሺ ያሉት ናቸው፣ ቲቸር።»

«እሺ ካሉማ ክፍል ያዙ ማለት ነው።»

«አይ። እሺ ነው ያሉት።»

አልገባኝም። ደግሜ ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ፤ የአስተማሪ ክፉ አመል ነው። ቅጹ ላይ «አመዘጋገቡ ወጥነት የለውም» ብዬ ጻፍኩ።

የረዳቱን መመሪያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ደንበኛው ዋጋውን ሰምቶ «አዎ»፣ «ይሁን» ወይም «እሺ» ካለ ክፍል ያዝለት ይላል። ከዚያ ወይዘሮ አሪየትን አስረዳኋቸው። ረዳቱ አይታክትም፣ ስለዚህ ኛማል ከጠረጴዛው ተነስታ አንሶላ ትጠብ አልኳቸው። አጣቢ የምትቀጠረው በቀን ነው፤ እንግዳ በሌለበት ቀን ኛማልም ሥራ አይኖራትም። ይህን አውቅ ነበር። ወይዘሮ አሪየት ወንዙን እያዩ እስክጨርስ አዳመጡኝና «እሺ» አሉ። ወዲያው አለቃዬ ጋ ደውዬ ደንበኛዋ ተስማምተዋል አልኩ፣ ስልኩንም ከኛማል ተቀበልኩ።

በሳምንቱ ረዳቱ አሥራ ሁለቱም ክፍሎች ለዛሬ ተይዘዋል አለ። አለቃዬ አመሰገነኝ። እኔ ግን ቁልፎቹ በሙሉ ሰሌዳው ላይ ተሰቅለው አያለሁ። ኔትወርኩን ፈተሽኩ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ቀኑን አሳስቼ ይሆናል ብዬ አቆጣጠሩን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ ቀያየርኩ። ጭራሽ ተምታታብኝ።

ቀትር ላይ አንድ ሰውዬ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ደግፎ ገባ። ከኢታንግ ነው የመጡት፤ በማግስቱ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ረዳቱ ሞልቷል ብሎት ነበር፣ ሌላ የሚያውቀው ቦታ ስለሌለ ግን መጣ። እኔም ሞልቷል አልኩት። ቁልፎቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሴትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ኛማል አንሶላ ታቅፋ ከጓሮ ገባች። ሴትየዋን እንዳየች የአራት ቁጥርን ቁልፍ አውርዳ ሰጠቻቸው። ተይዟል ስላት ማን እንደያዘው ጠየቀችኝ። መልእክቱን አሳየኋት። አራት ቁጥር የተያዘለት ሰው ዋጋ ጠይቋል፣ ተነግሮታል፣ «እሺ» ብሏል።

«ይሄ ሰማሁ ማለት ነው፣ ቲቸር። የሚመጣ ሰው በምን መኪና እንደሚመጣ ይናገራል። አጎበር አለ ወይ ይላል።»

ዋጋ ሰምቶ እምቢ ማለት ለብዙ ሰው ነውር ነው፣ ስለዚህ እሺ ብሎ ይቀራል አለችኝ፤ ደብተሯ ላይ ሰረዙ ለእነዚህ፣ መስቀሉ ለሚመጡት ነው። ስልኩን ተቀብላ መልእክቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከአሥራ ሁለቱ ይመጣሉ ያለችው ሁለቱን ብቻ ነው። አመሻሹ ላይ ሁለቱም መጡ፤ ሌላ የመጣ የለም።

ወይዘሮ አሪየት ጋ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም ነበርና ጠየቅኳቸው፤ ኛማል ከቦታዋ እንድትነሳ ለምን ተስማሙ?

«መቼ ተስማማሁ?»

«እሺ ብለውኝ ነበር።»

«እሺ አልኩህ። አንተ ተነስተህ ስልኩን ወሰድክ። እኔ ደግሞ መምህር ነው፣ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ኛማልን ወደ ጠረጴዛዋ መልሳት።»

«እሺ» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። «መቼ?»

አሁኑኑ አልኩ፣ ስልኩንም ወስጄ ለኛማል ሰጠሁ። ረዳቱ ዛሬም ዋጋና አቅጣጫ ይመልሳል፤ ክፍል የምትይዘው ግን እሷ ናት። ቅጼ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሬ አሥራ አምስት አድርጌዋለሁ። ባለቤቱ እሺ ካለ በኋላ የሚጠየቅ ነው፤ «መቼ እንጀምር?» ይላል። ቀን ካልነገረኝ ላፕቶፔን አልከፍትም።