ፀሐይ የሚሞቀው ሃርድ ዲስክ

ፒያሳ ካለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የገባሁ ቀን የሠራሁት ብሎን መልቀም ነበር። የተቀጠርኩት ለፎቶ ኮፒ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን መብራት ጠፋ። አለቃዬ ጋሽ ሙላት አንድ ጣሳ ብሎን ፊቴ ዘረገፉና «ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ካጭር ለይልኝ» አሉኝ። ለይቼ ሳበቃ «ይኼ የምኑ ነው? ያኛውስ?» እያልኩ አደረቅኋቸው።

«አንች ልጅ፣ የቀጠርኩሽ ለፎቶ ኮፒ ነው ወይስ ለምርመራ?» ብለው ሳቁ።

ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አልዘለለም። ጥገና የተማርኩት እሳቸው ሲፈቱ አጠገባቸው ቆሜ፣ ከዚያም ባለቤት ያጡ ላፕቶፖችን እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው። መፍታቱ ቀላል ነው፤ መግጠሙ ግን ዓመት ፈጀብኝ።

ኋላ ላይ አብዛኛው ሥራችን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲስ ዓይነት የፋይል ማከማቻ መተካት ሆነ። አሮጌው ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና ከላዩ የሚመላለስ ክንድ አለው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። መጀመሪያ ባትሪውን ትነቅያለሽ፣ የሃርድ ዲስኩን ማቀፊያ በካቻቢቴ ትፈቺያለሽ፣ አሮጌውን በኬብል ከሱቁ ኮምፒውተር አገናኝተሽ ፋይሉን ትገለብጫለሽ። ከዚያ አዲሱን ገጥመሽ ዊንዶውስ ትጭኛለሽ። አሮጌው እስትንፋስ ካለው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ጠዋት ከደባርቅ መምህር ወርቁ የሚባሉ ሰው መጡ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው አቅፈውታል። ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራሉ። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ አራት ዓይነ ስውራን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አሉ፤ ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የታሪኩን፣ የጂኦግራፊውን፣ የሲቪክሱን መጽሐፍ አንዲት ባልደረባቸው በድምፅ አንብባ እዚያ ላፕቶፕ ላይ ቀድታላቸዋለች። እሷ ወደ ዛሪማ ተዛውራለች። ሌላ ቅጂ የለም።

«ጠዋት ጠዋት አይነሣም» አሉኝ። «ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ሳሞቀው ይነሣል። ደግሞ...»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «መምህር፣ የሬዲዮ ድንጋይ መሰለዎት እንዴ?»

በየቤታችን የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ የማያውቅ የለም። ኮምፒውተር የሚያሰጣ ግን ሰምቼ አላውቅም። «ይረፉ፣ እኔ አየዋለሁ» ብዬ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ «ደግሞ» ያሉትን ሳላስጨርሳቸው።

ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ከኬብል አገናኘሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም። ነቅዬ መለስኩት። ያው። እልህ ያዘኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስሰካው ሲጢጥ የሚል ድምፅ ጨመረ።

«ምነው አንች፣ ትገድይዋለሽ እኮ!» አሉ መምህር ከተቀመጡበት። «በብርድ አትቀስቅሽው እያልኩሽ!»

እጄን ሰበሰብኩ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «መምህር፣ ደግሞ ብለው ነበር። ደግሞ ምን?» አልኳቸው።

«ሊቆም ሲል ይታወቀኛል» አሉ። «ደህና ሲሆን ድምፁ እንደ ወፍጮ የተስተካከለ ነው። ሲደክመው ያጥራል። ያን ጊዜ አጥፍቼ ካሳረፍኩት ተመልሶ ይሠራል። ካላሳረፍኩት ቀኑን ሙሉ የለም።»

ሃርድ ዲስኩን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥር በጨርቅ ላይ አኖርኩት። ለብ ሲል ሰካሁት። ሁለት ጊዜ ቀጭ አለና መዞር ጀመረ፤ ፋይሎቹ ተዘረዘሩ። የሚሽከረከርበት ዘይት ደርቆ ይሁን፣ ብረቱ ተኮማትሮ ይሁን፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ። ለሌላ ሃርድ ዲስክም አልመክረውም።

መምህር ወርቁ ወንበራቸውን ስበው ጣታቸውን ከሃርድ ዲስኩ ጫፍ አሳረፉ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። እኔ ከታሪክ ጀምሬ ምዕራፍ በምዕራፍ እገለብጣለሁ።

«አቁሚ!»

እኔ የሰማሁት ለውጥ የለም። ግን አቆምኩ። ነቅለን አሳረፍነው። እንደገና ስንሰካው ተነሣ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጂኦግራፊው ሊያልቅ ሲል አቁሚ ቢሉኝ፣ «ትንሽ ነው የቀረው» ብዬ ዘገየሁ። ወዲያው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልነሣ አለ።

«አሁን ማን ነው ዓይነ ስውሩ?» አሉኝ። ጋሽ ሙላት ከጀርባ ሆነው ከት ብለው ሳቁ። ሳቁብኝ፤ ይገባኛል።

እስከ አመሻሹ ታሪክና ጂኦግራፊ በሙሉ ወጡ። ከሲቪክሱ ሁለት ምዕራፍ አልነበብ አለ። በጠዋቱ እልሄ የተጎዳው ቦታ ሳይሆን አይቀርም። ነገርኳቸው። ከዚያ «ማንበብስ ትችያለሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ መጽሐፉን ፈልጌ በስልኬ እየቀዳሁ አነበብኩላቸው። ባጃጅ ጡሩምባውን ሲነፋ ንባቤን እያቆምኩ፣ ጡሩምባውም አብሮ እየተቀዳ፣ ስሳሳት እየመለሱኝ። «ቀስ በይ፤ ገበያ የምትሄጅ አታስመስይው» ይሉኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልደረስኩት እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ትምህርት አነበብኩ።

ኤስኤስዲውን ገጥሜ፣ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብላቸውን ፕሮግራም ጭኜ አስረከብኳቸው። ከፈቱትና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ምንም አይልም።»

«የሚዞር ነገር የለውም፣ መምህር።»

«ሸጋ ነው። ሲታመምስ በምን አውቀዋለሁ?»

«አያውቁትም» አልኳቸው። እውነቱ ይኼ ነው፤ ኤስኤስዲ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ሙሉ ቅጂውን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ። አንዱ ከእሳቸው ጋር ሄደ፤ ሌላውን ለዛሪማዋ መምህርት እንዲልኩት መከርኳቸው።

ከፈተናው በፊት ደወሉልኝ። «ልጆቹ ያቺ የባጃጇ ሴትዮ ማን ናት እያሉ ያስቸግሩኛል» አሉ። ትምህርቱን ግን ሁለቴ ሰምተውታል አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ፦ ምን ሰማህ? መቼ ይሻለዋል? ምን ስታደርገው ይነሣል? መልሱ የሚያስቅ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ዕቃው ሲበላሽ አብሮት የከረመው እሱ ነው፤ እኔ የምደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።