ሚስቲቱን ለምን አስኮበለልካት?

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ያለችውን የስልክ ከቨር መሸጫዬን ልከፍት ስል ተደወለልኝ። «ለትንሽ ጉዳይ ፈልገንህ ነው፣ ብቅ በል» አለኝ አንድ ትሁት ድምፅ... የቢሮውን ስም አልጽፈውም። የገባው ገብቶታል።

የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ይሆናል ብዬ ያሳደስኩትን ፈቃድ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ወንበር ሳበልኝ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣልኝ። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር የሚያዞርልህን ሰው መጥላት ከባድ ነው።

ከዛ... «ልብወለዱ እንዴት እየሄደልህ ነው?» አለኝ።

ውኃው ትን አለኝ።

አዎ፣ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር አወራሽ፣ ስልክሽን አምጪ እያለ ሚስቱን መተንፈሻ ስለሚያሳጣ ባል ነው። ባልየው የሚሠራበት መሥሪያ ቤትም ከተማውን ሙሉ እንደዚያው ነው የሚያደርገው።

«ባልየው እኛ ነን አይደል?» አለኝ እየሳቀ።

«ኧረ አይደለም... ባል ነው» አልኩ።

«ለምን ሰካራም አታደርገውም? ሰካራም ከሆነ የቤተሰብ ችግር ይሆናል። ማንንም አይነካም።»

እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ብዙም አልፈራሁም። እጽፋለሁ ስል ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ከርሞ፣ ቁም ነገር ብሎ የሚያወራኝ በማግኘቴ ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር። ወገቤን የቆረጠው ቀጥሎ የጠየቀኝ ነው።

«ሚስቲቱን ግን በባቡር ጅቡቲ ድረስ ለምን አስኮበለልካት?»

ይህንን ምዕራፍ ገና አልጻፍኩትም። ስልኬም ውስጥ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃምን፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያወራሁት... ለጀማል።

ጀማልና እኔ ሳቢያን ሰፈር አንድ ግቢ ነው ያደግነው። እናቱ የኢድ ልብስ ሲገዙ ለሁለታችን ነበር የሚገዙት። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ሱቄን ዘግቼ እሱ ቤት ፍራሽ ላይ ጋደም ብለን እንቅማለን፤ ምርቃናው ሲመጣ ታሪኩን እተርክለታለሁ። እኛ ጋ ወግ አለ፣ ፍራሽ ላይ የተወራ ከበር አይወጣም። ወሬ ያወጣን ሰው ሁለተኛ በርጫ ላይ የሚጠራው የለም።

ከቢሮው በቀጥታ እሱ ጋ ሄድኩ። ይክዳል ብዬ ነበር። እንዲክድም ፈልጌ ነበር።

«አቦ፣ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራቸው እኔ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። «ጠሩኝ፣ ጠየቁኝ። ወላሂ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የነገርኳቸው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ምዕራፍ።»

ማለትም... ጀማል «እሺ፣ ከዛስ? ከዛስ?» እያለ ሲያጣድፈኝ፣ እኔ ታሪኬ የጣፈጠው መስሎኝ ስንት ቀን እየፈነደቅሁ ቤቴ ገብቻለሁ። መናገሩን እንኳ አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። ያንን ደስታዬን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ልወጣ ስል ጫቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ተቀመጥ በናትህ። ሰውየውም ወዶታል እኮ፣ ሁሌ ይጠይቀኛል» አለኝ። ቅጠል እየቀነጠሰ... «ግን ጅቡቲ ገብታ ምን ሆነች?» አለኝ።

ዓይኑን አየሁት። ጓደኛዬ ይጠይቀኝ፣ ሰውየው ይጠይቀኝ መለየት አቃተኝ። እሱ ራሱም የሚለየው አልመሰለኝም።

«ተመለሰች» አልኩት። «ባሏን ይቅርታ ጠይቃ በሰላም እየኖሩ ነው።»

ጀማል እፎይ አለ። እንዲህ እፎይ ሲል አይቼው አላውቅም።

እናንተም የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ... ተመልሳለች በሉልኝ።