አድማሴ በራሱ ለቅሶ ላይ

አድማሴ ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ የሚኖር፣ ከባዝራው በቀር ማንንም አሞግሶ የማያውቅ ገበሬ ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ተስቦ ያዘውና በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሞተ። የሞተው ግን እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ገናዦቹ ሰሌኑን ዘርግተው ሲጠብቁ አስነጠሰና ውሃ ጠየቀ። ሊፈቱት የመጡት ቄስ ከጎረቤት አጥር ወዲህ አልቆሙም ይባላል።

ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ሰው፤ አድማሴ ግን ከሞቱ ይልቅ አመላለሱ ነው ያስከበረው። ነፍሱ ከሥጋው ወጥታ፣ ከምሰሶው ራስ ከጣሪያው ሥር ተቀምጣ፣ የገዛ ለቅሶውን ቁልቁል ስትመለከት እንደ ቆየች ማውራት ጀመረ። ብቻ ጆሮዋን ከሥጋው ጋር ትታው ስለወጣች የሰማችው ነገር የለም። ወሬው በመጀመሪያው ሳምንት ከጣሪያው ሥር ነበር። በማኅበር ጠላ ላይ ጣሪያውን ቀዶ ወጣ፤ ለመስቀል ዘንገናን ከላይ አየው፤ ለገና ዳንግላን አልፎ ሄደ። ቄሱ ነፍስ ያለ ሥጋ ታስብ እንደሆነ ቢጠይቁት፣ እንዴታ፣ ሆድ ስለሌላት እንዲያውም ደህና አድርጋ ታስባለች አላቸው። ሟች ያለው ሁሉ ጠላ በማሰሮ ይዞ መልእክት ፍለጋ ይመጣ ጀመር። አድማሴም ማንንም አላሳፈረ፤ የሁሉም ሟች ደህና ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ስማቸው መሬት ላይ እየተፈጠፈጠ፣ ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስለት ማየቱንም አውርቷል። ስለዚህ እንባ የባዝራይቱን ውርንጭላ ሸለመው።

ያላወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሚስቱ ደጊቱ ፊቷን አልነጨችም፣ ደረቷን አልመታችም። ከእግሩ ሥር ጎንበስ ብላ፣ እንደ ደንቡ ሁለቱ የእግሩ አውራ ጣቶች ተጋጥመው የታሰሩበትን ክር ስትፈታ አያት። ክሩ የራሷ ፈትል ነው። ፈትታም ጠቀለለችና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ሃያ ዓመት ያረሰላትን ባል አንዲት ዘለላ ክር ነፈገችው። አድማሴን ይህ ከሞቱ ይልቅ አመመው።

ከነሐሴ እስከ ጥር እህል ስታቀርብለት በላ፣ ውሃ ስታቀርብለት ጠጣ፣ ቃል ግን አልተነፈሰላትም። ምን አድርጌው ነው ብላ ጎረቤት ብትጠይቅም የሚነግራት አላገኘችም። ጥምቀት እንዳለፈ ሊፈታት ቆርጦ ሦስት ሽማግሌዎች ከዝግባው ሥር አስቀመጠ። የመሐል ዳኛው አያ ነጋ ምክንያቱን ጠየቁት፤ የክሩን ነገር ነገራቸው። ለሬሳ ክር መንፈግ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ደጊቱ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እውነት ነው፣ ፈትቻለሁ አለች። ቀስ ብላም አስረዳች። እግሩን ልታጥብ ስትይዘው ክሩ ጣቱ ውስጥ ሰርጎ ዙሪያው ቀልቶ አገኘችው፤ የሬሳ ሥጋ ደግሞ አይቀላም። ክሩን ፈትታ እግሩን በእጇ ታሸው ጀመር። ገናዦቹን ቆዩ ብትላቸው ሐዘን አሳበዳት አሉ። ክሩን ያሰረው ስማቸው፣ ዝናብ ሳይመጣ እንቅበረው እያለ እጇን ይጎትት ነበር። እሷ ግን አልለቀቀችም፣ እስኪያስነጥስ ድረስ።

አድማሴ ተቁነጠነጠ። ቢሆንም አላለቀሰችም፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

«ከላይ ሆነህ ያየኸው አናቴን ነው» አለችው ደጊቱ። «ፊቴን መቼ አየኸው?»

አያ ነጋ እግሩን እንዲዘረጋ አዘዙት። አውራ ጣቱን ነጭ ጠባሳ እንደ ቀለበት ዞሮታል። አድማሴ ጣቱን አየ፤ ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀና ብሎ የሚስቱን ፊት አየ። ፊቷ ከስቶ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ማታውን ቤቱ ሲገባ አወራት። በማግስቱ ውርንጭላውን ሊያስመልስ ወንድሙ ዘንድ ሄደ።

«ነፍስህ አይታ የሰጠችውን ሥጋህ ሊነጥቀኝ ነው?» አለው ስማቸው። ውርንጭላውም እዚያው አደገ።

ከዚያ ወዲያ አድማሴ ነፍስ ምን እንደምታይ ሲጠየቅ፣ አናት፣ አናት ብቻ እያለ ይመልስ ነበር። በማሰሮ የሚመጣው ጠላም ቀረ።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የእውነቱን ሞተ። የእግሩን ክር ደጊቱ ራሷ አሰረችው፤ ላላ አድርጋ። ሴቶቹ አቀርቅረሽ አልቅሺ እያሉ ቢጎትቷትም እሺ አላለችም። ቀና ብላ፣ ፊቷን ወደ ጣሪያው አድርጋ አለቀሰችለት።