ከጎረቤቴ ቆጥ ላይ ያነሣኋቸው አምስት ድንቾች

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዳንግላ ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ከዚያ ሥራ ይዤ የወጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ የወገብ ሕመምና የሞኝ ሌቦች ወሬ። ሕመሙን ለራሴ አስቀርቼ ወሬውን ለሰፈሩ አካፈልሁ። ከሁሉ የሚወደድልኝ የዣንጥላ ሌባው ነበር። ሰውየው ዣንጥላ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ማስረጃ አልተሟላም ተባለና በነፃ ተለቀቀ። ደጅ ሲወጣ ዝናብ ያዘው። ተመልሶ መጣና በመስኮቴ አንገቱን አስግጎ፣ «ጌታዬ፣ ያቺን ዣንጥላዬን ቢሰጡኝ» አለኝ። ዳኛው ገና ከወንበሩ አልተነሣም ነበር።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳወራሁት ባለቤቴ ታውቃለች፤ እኔ መቁጠር ትቻለሁ። አምና ግን ሞኙም ሌባውም እኔ ሆንሁ። እሱን ለመጻፍ ብዕሬን ሦስቴ አስቀምጬ ነው ያነሣሁት።

የምኖረው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። አጥር የሚጋራኝ ጎረቤቴ ገበሬ ነው፤ ዕድሜው የታናሽ ወንድሜ ያህል፣ አማርኛውን ቆጥቦ የሚናገር፣ ሲናደድ ወደ አዊኛው የሚዞር። ልጁ ለሥራ ጫግኒ ወርዷል። የልጁ ሚስት ከአማቷ ጋር ትኖራለች፤ የጎረቤቴ ሚስት ከሞተች ወዲህ የጎተራውንም የቤቱንም ቁልፍ የያዘችው እሷ ነበረች።

ሚያዝያ ላይ የግብርና ባለሙያዋ ለጎረቤቴ አዲስ የድንች ዘር ሰጠችው። ብርሃን በሚያገኝ ቆጥ ላይ ተደርድሮ፣ አጎንቁሎ አየሁትና ጥቂት እንዲሰጠኝ ለመንሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ለማራባት ነው» አለኝ። «አንድ ጊዜ ላምርትና በቅርጫት እሰጥዎታለሁ።»

ለጤነኛ ሰው ይህ መልስ ይበቃው ነበር። እኔ ግን ለመጪው ዓመት ማን አለ ማን የለም አልሁና ተቀየምሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ድንቹን ከእሱ እኩል አውጥቼ ለሰው ማሳየት አምሮኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገበያ መሄዱን አይቼ ገባሁ። ምራቱ ብቻዋን ነበረች። «አረፍ ይበሉ ጋሼ፣ ጠላ ላምጣልዎ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጠላው እስኪቀዳ አምስት ድንች ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠላውን ጠጣሁ። ይድገሙ ስትለኝም ደገምሁ። «እጅሽ ይባረክ» ብዬ መርቄያት ወጣሁ።

በማግስቱ ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፎ የደረሰበትን አጫወተኝ። ቆጡ ላይ ያለው ድንች ጥርስ የወለቀበት አፍ መስሎ ጠበቀው። ማን መጥቶ ነበር ቢላት፣ ጋሼ ብቻ አለችው።

«እሳቸውን ተያቸው፣ ወጥ ሠርተሽበት ይሆናል አልኋት» አለኝ። «አልሠራሁም ትላለች። እርስዎ የፍርድ ቤት ሰው ነዎት፣ ምን ይላሉ?»

እዚያ ላይ መናገር ይቻል ነበር። እኔ ግን ጢሜን እየዳበስሁ፣ «ልጅ ናት፣ በትንሽ ነገር አትጨክንባት» አልሁት። ምሕረት መለመኔ ነበር፤ እኔ ላጠፋሁት፣ በእሷ ስም።

ጎረቤቴ ቁልፉን ከእሷ ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ቦኖ ላይ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ይህን ለማየት ሳምንት አልፈጀባቸውም። እጇ አመል አለበት ተባለ። እሷ ጀሪካን ይዛ ስትደርስ ወሬ ይቆማል፤ ስትሄድ ይቀጥላል።

እኔ አምስቱን ከራሴው ድንች ጋር ተከልሁ፤ ያውም ጓሮዬ መንገዱን በሚያዋስንበት ዳር፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያይልኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ባለቤቴ ከጓሮ ጠራችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ድንች ምን ነካው?»

የሰፈራችን ድንች አበባው ነጭ ነው። ከነጮቹ መሐል አምስት ሥር ብቻ ወይን ጠጅ አበባ አውጥቶ ቆሟል።

«ዘሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ።»

«አንተ ገበያ የሄድኸው መቼ ነው?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ በየጠዋቱ አበባ መቀንጠስ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ከመንገድ ሆኖ አየኝና ምን እያደረጉ ነው አለኝ። አበባው መዳፌ ውስጥ ነበር። ቀረብ ብሎ እንዳያይ ቶሎ መናገር ነበረብኝ።

«አበባው ሲነሣ ጉልበቱ ወደ ሥር ይወርዳል። ድንቹ ይወፍራል» አልሁት።

«የት አገኙት ይሄን?»

«መጽሐፍ ላይ።»

አመነኝ። ሄዶ የራሱን ቀነጠሰ፤ ለሌላውም ነገረ። በሳምንቱ በሰፈራችን አበባ ያለው ድንች ጠፋ። ብቻዬን መላጣ ድንች ይዤ ከመታየት መገላገሌ ደስ አሰኝቶኝ እንደነበር አልክድም።

ነገር ግን ባለሙያዋ ለጉብኝት መጣች። አበባው የት ሄደ ብላ ገበሬዎቹን ስትጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ቤት ጠቆሙ። ጎረቤቴ ራሱ እየመራ አመጣት፣ መምህሩን ሊያሳያት። ያን ዕለት ወገቤ አስቸግሮኝ ጓሮ አልወረድሁም ነበር። አንዱ ሥር ላይ አበባው ፈክቶ ጠበቃቸው።

«ይሄማ ያ አዲሱ ዘራችን ነው» አለች ደስ ብሏት። «ጋሼ፣ ከየት አገኙት?»

ጎረቤቴ አበባውን አየ፣ እኔን አየ። እንደኔ ዓይነቱን ሽማግሌ ሌባ ማለት ስላልሆነለት መውጫዬን ራሱ አበጀልኝ።

«ምራቴ ናት የሰጠችዎት? ታዲያ ለምን ደበቀችኝ?»

አዎ በሚል አንገቴን ነቀነቅሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያ አንገት የኔ አይመስለኝም።

ጠራት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«ድንቹን ለጋሼ ሰጥተሻቸዋል?»

አበባውን አየችው። እኔን አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ።

«አዎ፣ ሰጥቻቸዋለሁ» አለች።

ጎረቤቴ በአዊኛ ይናገራት ጀመር። ቋንቋውን ከሰላምታ አልፌ አላውቀውም፤ ያን ቀን ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ባለሙያዋ አቀረቀረች። ልጅቱ ቁጣውን ትቀበላለች፤ ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ፣ እኔ ሠርቼ እየሰማሁ።

«ተዋት» አልሁት። «እኔ ነኝ። ጠላ ልትቀዳልኝ ስትገባ ሰረቅሁህ።»

ጎረቤቴ ወደ ምራቱ ዞረ። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት፤ ተቀበለችው። ለእኔ፣ «በቅርጫት እሰጥዎታለሁ ብዬ ነበርኮ» አለና ሄደ።

እሷን ተከትዬ አጥሩ ጋ ደረስሁባት።

«ልጄ፣ ለምን አዎ አልሽ?»

«ምን ልበል ጋሼ? በዚህ ዕድሜዎ እርስዎን በሰው ፊት ሌባ ላሰኝ? እኔ እንደሁ ተብያለሁ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ለአባባ ነገሩልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ቦኖው ጋ ግን አባባ የሉም።»

በማግስቱ ጠዋት ቦኖው ጋ ሄድሁ። ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ እሷ ከሁሉም ኋላ ቆማለች። ኮፍያዬን አወለቅሁና፣ «የጎረቤቴን ድንች የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ሳቁብኝ።

«ጋሼ ደግሞ፣ ዛሬ አዲስ ሌባ አመጡልን» አለች አንዷ።

«ድንች ይሻላቸዋል፣ ጥርስ አይፈልግ» አለች ቧንቧው ጋ የቆመችው።

ደግሜ ነገርኋቸው፤ ባሰባቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ በዚያ ጠዋት የሚያምነኝ አጣሁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗን ከጀሪካኗ አላነሣችም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ጠላውን መጠጣቴን፣ መድገሜን፣ እጅሽ ይባረክ ማለቴን ተናገርሁ። አጥሩ ላይ አትጨክንባት ማለቴን ስነግራቸው ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። አንገቴን መነቅነቄንም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ያች በጥርሴ የቀለደችው ጀሪካኗ ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን አልዘጋችም።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እሷን ስናማ ይሰሙ ነበር?» አለችኝ።

«እሰማ ነበር።»

ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አነሣችና ወደ ኋላ ዞራ፣ «ነይ እህቴ፣ አንቺ ቅጂ» አለቻት። ተራ የያዙት ሁሉ ገለል አሉ። እኔም መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ኖሮ ለቀቅሁላት።

በአጠገቤ ስታልፍ፣ «እንደምን አደሩ» አለችኝ። ጋሼን አልጨመረችበትም።