የእትዬ ድንቅቱ ቅል

እትዬ ድንቅቱ የእርጎ ቅላቸውን ጨርሰው አጥበው አያውቁም ነበር። ከሸነን ወደ አምቦ ሲዳሩ እናታቸው ከነእርጎው ያስያዟቸው ቅል ነው። እርጎው ሲሸጥ ከስሩ አንድ ጉንጭ ይቀራል፤ አዲሱ ወተት በላዩ ይፈስበታል። ቅሉን በወይራ ሊያጥኑ ሲሉ እንኳ ያቺን ጉንጭ ስኒ ውስጥ አቆይተው መልሰው ያፈሷታል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ።

ቅሉን ያሳጠበው የእኔ አፍ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ባላቸው ኦቦ ሌታ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ሰነበቱ። ጠንካራ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው። ሳንባቸው ዳነ፣ ሆዳቸው ግን በተቅማጥ አልያዝ አለ። ልጠይቃቸው ስሄድ እርጎ ይጠጣሉ። ጎረቤታቸውም የባዮሎጂ አስተማሪም ነኝና ላበረታታቸው ፈለግሁ።

«ይጠጡ ኦቦ ሌታ! እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ስንት ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ መሰልዎት!»

«ታዲያ ሆዴ ገብተው ስብሰባ ሊቀመጡ ነው?» ብለው ሳቁ።

እትዬ ድንቅቱ አልሳቁም። ባክቴሪያ የሚለውን ቃል የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በር ላይ ከለጠፈችው ሥዕል ነበር፦ ዝንብ፣ ክፍት ሽንት ቤት፣ የተኛ ሕፃን። እኔ ፊታቸውን ሳላይ ተሰናብቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ እርጎ ፈላጊዎች ከበራቸው ሲመለሱ አይቼ ገባሁ። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ቅሉ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል፤ ውስጡ እንደ አጥንት ነጥቷል። ኦቦ ሌታ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ከማለዳ ጀምሮ ስምንት ጊዜ ወጥተዋል፤ አሁን ለመነሳትም አቅም የላቸውም።

«ቲቸር፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ እትዬ ድንቅቱ በሹክሹክታ። «ሠላሳ ዓመት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ገደልኩት?»

ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱን ሁሉ የባላቸውን እግር አቅፈው፣ «ዋቃዮ፣ ዋቃዮ» እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ፤ «የቅሉን ነገር እንዳትነግሪያቸው። ያስሩኛል።»

ሲስተር ዶርቃስ ግሉኮስ ሰቅላ ምን እንደበሉ ጠየቀች። ዝም ለማለት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት።

«እማማ፣ ይስሙኝ» አለች ወደ እሳቸው ዞራ። «አንጀት ውስጡ በጣም ስስ ሽፋን አለው። ደግ ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ተጠጋግተው ይኖራሉ፤ ለክፉው ቦታ አይለቁለትም፤ ሽፋኑም ጠበቅ ብሎ እንዲቆይ ያግዛሉ። የሳንባው መድኃኒት እነሱንም ጠራርጎ ወሰዳቸው። ባዶውን ቦታ ክፉው ያዘው። ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለን።»

«እርጎዬስ?»

«እርጎዎ ደጎቹ ያሉበት ነው። ያድናል አልልዎትም፤ ግን አልገደለም። ከእንግዲህ ወተቱን አፍልተው፣ አብርደው ያርጉት።»

«ያቺን የእናቴን ጉንጭ እርጎ ግን ገድያታለሁ» አሉ እትዬ ድንቅቱ።

ኦቦ ሌታ በአሥራ አንደኛው ቀን ወጡ፤ ቀበቷቸው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስተው። ቅሉ ውስጥ የፈሰሰው ወተት ሁለት ጊዜ ተበላሸ። በመጨረሻ የእትዬ ድንቅቱ ታናሽ እህት ጋዲሴ ከሸነን በስኒ እርጎ ይዛ መጣች፤ ከዚያው ከእናታቸው ቤት እርጎ የተወረሰ ነው። በማግስቱ ወተቱ ረጋ።

ኦቦ ሌታ ብርጭቆአቸውን ዘረጉ። እትዬ ድንቅቱ ቀድተው ራሳቸው ጠጡት። ከዚያ መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ ጭነው፣ ቁርጠት እንደሚጠብቅ ሰው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ዛሬም፣ ስንት ዓመት አልፎ፣ አዲስ እርጎ በተከፈተ ቁጥር እንዲሁ ናቸው። የዶርቃስን ቃል በልባቸው ያውቁታል፤ ለጎረቤት ሳይቀር ያስረዳሉ። እጃቸው ግን ከሆዳቸው አይነሳም።

«አንቺ ሴት፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?» ይላሉ ኦቦ ሌታ።

«ቆይ። እስኪመሽ ቆይ።»

እኔ በር ላይ ጆግ ይዤ ቆሜአለሁ። ለእኔም አይቀዱልኝም።