ሚዛኑ ላይ ዝም ያልንባቸው ሰው

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ላይ ነው። እስካሁን ሳስታውሰው አፌን ይመረኛል። የምጽፈው ሰው ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን ሞራል የለኝም። በሆዴ ይዤው መኖር ስለሰለቸኝ ነው።

የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ነው። ሥራዬ በአንድ ሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ መሸከም ነው። በሥራው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ስለሆነ፣ አንድ ሻንጣ ገና ከመሬት ብድግ ሲል ስንት ኪሎ እንደሆነ እጄ ይነግረኛል። በኮሮና ጊዜ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እኛም ቤታችን ተከተትን። ያኔ በየሳምንቱ አስቤዛ በራችን ላይ አስቀምጦ፣ ደወል ደውሎ የሚሄደው ወንድም ጌታነህ ነበር። የቸርች ወንድማችን ነው፤ ቤት ያሻሽጣል፤ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። ደግነቱን አልክድም። ጣጣው የመጣውም ከዚያው ደግነት ነው።

ሥራ ተመልሰን፣ ክትባቱንም ከተከተብን በኋላ ወንድም ጌታነህ አንድ ሐሳብ አመጣ። ፔሩ ሄደን፣ በመሪ እየተመራን ተራራ ለተራራ አራት ቀን በእግር ተጉዘን፣ የጥንት ኢንካዎች የሠሩትን የማቹ ፒቹን ፍርስራሽ እናያለን፤ እዚያም ከወረርሽኙ ያተረፈንን አምላክ እናመሰግናለን አለ። ስምንት ሰዎች ተመዘገብን። እኔ የሄድኩት ልጄ ሳሮን ስለለመነችኝ ነው። እዚሁ የተወለደች ናት፤ ያኔ ኮሌጅ ነበረች። ከእኔ ጋር አራት ቀን ሙሉ ልሁን ብላ የጠየቀችበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይዋ ሳትበረታ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያሉትን ቀያይ ተራሮች እየወጣን ተለማመድን። ወንድም ጌታነህ፣ እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል እያለ ያበረታታን ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በረሃ ላይ፣ ያውም በኤር ኮንዲሽን መኖራችንን ረስቶታል።

ፔሩ ስንደርስ መሪያችን ማሪሴል የምትባል ቀልጣፋ ሴት ለከፍታው ሕመም ይረዳችኋል ብላ ቅጠል አቀረበችልን። የአገሩ ሰው ያኝከዋል፣ ሻይም ያፈላበታል። ወንድም ጌታነህ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ጫት ነው ብሎ ሁላችንንም ከለከለን፤ ሰሃኑንም በእጁ ገፋው። እኔም ሳልቀምስ ቀርቼ ሁለት ቀን ራሴን ሲፈልጠኝ ሰነበተ።

የጉዞው ደንብ ጥብቅ ነበር። ለተሸካሚዎቹ የምንሰጠው ሻንጣ ከሰባት ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሰዎቹ እንዳይጎዱ ጭነታቸው መግቢያው ላይ ይመዘናል፤ መንገድ ላይም ሌላ ሚዛን አለ። ማሪሴል ጠዋቱን አስጠንቅቃናለች፤ በድብቅ ጭነት የጨመረ መንገደኛ ጉዞው እዚያው ላይ ያበቃል። የመጀመሪያውን ሚዛን ሁላችንም በደህና አለፍን።

የእኔን፣ የሳሮንንና የወንድም ጌታነህን ሻንጣ በአንድ ትልቅ ማዳበሪያ አስረው የተሸከሙት ፍሎሬንቲኖ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ አጭር፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ የተጫሙ ናቸው። ሳሮን ትምህርት ቤት በተማረችው ስፓኒሽ ስታናግራቸው ይስቁላት ነበር። ስፓኒሽ የእሳቸውም ቋንቋ አይደለም፤ እንደምንም ይግባቡ ነበር። ድንጋዩ የሚያዳልጥበት ቦታ ሲደርሱ ከነሸክማቸው ቆመው እጃቸውን ይሰጧታል።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ተሸካሚዎቹ ጭነታቸውን አስቀምጠው ሊበሉ ገቡ። ወንድም ጌታነህ በእጁ ጠቀሰኝ። ከጀርባ ቦርሳው ውስጥ ባትሪ ያለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ አወጣ። ከቬጋስ ድረስ ያመጣው ነው፤ ፍርስራሹ ላይ ቆመን መዝሙር ልናሰማበት። ለሚዛኑ ሲል እስከዚያ ድረስ ራሱ ተሸክሞት ነበር። አሁን ትከሻው እምቢ አለ። የፍሎሬንቲኖን ማዳበሪያ ፈቶ ከሻንጣዎቹ ጋር በታሰሩት የመኝታ ፍራሾች መካከል ወሸቀው። ገመዱን መልሶ ማሰር ግን አልሆነለትም።

"እስቲ አንተ እሰረው፤ ሥራህ አይደል" አለኝ።

አሰርኩት። ብድግ ሳደርገው ቢያንስ ዘጠኝ ኪሎ እንደተጨመረበት አወቅሁ። ለሰውየው ይከብዳቸዋል ብዬ በቀስታ ተናገርኩ። ወንድም ጌታነህ የጌታ ሥራ ነው፣ በረከቱ ለእሱም ይደርሰዋል አለኝ። ቀና ስል ሳሮን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየናለች።

ፍሎሬንቲኖ በልተው መጥተው ጭነቱን ሲያነሡ ጉልበታቸው አንድ ጊዜ ሸብረክ አለ። ከምሳ በኋላ የወጥ ቤት ዕቃ ስለሚከፋፈል እሱ የተጨመረባቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። ማሰሪያውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ሄዱ። ከኋላቸው እየተራመድኩ ላባቸው በሸሚዛቸው ጀርባ ላይ ሲሰፋ አየሁ።

ሁለተኛው ሚዛን አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። የፍሎሬንቲኖ ጭነት ሲሰቀል ተቆጣጣሪው ይፈታ አለ። ድምፅ ማጉያው ከፍራሾቹ መካከል ወጣ። ማሪሴል ወደ እኛ ዞራ የማን እንደሆነ ጠየቀች።

ወንድም ጌታነህ ዐይኑን እንኳ አላርገበገበም። የእሱ መሆኑን ተናገረ፤ ምሳ ላይ ጠፍቶበት ሲፈልገው እንደነበር፣ እንዴት እዚያ ሊገባ እንደቻለ ግን እንደማያውቅ በጥሩ እንግሊዝኛ አስረዳ። ሌባ የሚለውን ቃል አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም።

ማሪሴል ሰውየው ዕቃውን ሲወስዱ ወይም ሌላ ሰው ሲያስገባ ያየ አለ ወይ ብላ ጠየቀችን። ማንም አልተነፈሰም። እኔ በዚያች ሰዓት የታየኝ በራችን ላይ ይቀመጥ የነበረው አስቤዛ ነው። ያን የመሰለ ውለታ የዋለልኝን ሰው በባዕድ አገር፣ በሰው ፊት እንዴት ላዋርደው? ይሉኝታ ያዘኝ። ሳሮን እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም።

ለፍሎሬንቲኖ በቋንቋቸው ተነገራቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ማሪሴል ተረጎመችው።

"የት እንደምሰካው የማላውቀውን ዕቃ ምን ላደርገው እወስዳለሁ ነው የሚሉት።"

የተሸካሚዎቹ አለቃ ግን አልሰማቸውም፤ ከሥራው ወጥተው እንዲመለሱ አዘዘ። እሳቸው ድምፅ ማጉያውን አነሡት። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ወንድም ጌታነህ እግር ሥር አስቀመጡት። ከዚያ በመጣንበት መንገድ ብቻቸውን ቁልቁል ወረዱ።

የእሳቸውን ጭነት ሌሎቹ ተሸካሚዎች ተከፋፈሉት። የቀረውን መንገድ ድምፅ ማጉያውን ማን ተሸከመው? እኔ። ማንም ሳያዘኝ ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። ሳሮን ለሦስት ቀን አንድም ቃል አላናገረችኝም። ፍርስራሹ በር ላይ ስንደርስ ጠባቂው በድምፅ ማጉያ መዘመር ክልክል ነው ብሎ ተቀበለን። የጥንቱ ከተማ ያምራል፤ ሰዎች ደርሰው ሲያዩት ያለቅሳሉ። እኔ ዕቃውን እንዳዘልኩ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ወንድም ጌታነህ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ፎቶ ተነሣ።

በተመለስን በሁለተኛው እሑድ የምስክርነት ፕሮግራም ተደረገ። ወንድም ጌታነህ ፎቶዎቹን በስክሪን እያሳየ ስለ ጉዞው ተናገረ። መጨረሻ ላይ፣ በተራራው ላይ አንድ ሰው የመዝሙር ዕቃችንን ሰርቆን ነበር፤ ጌታ ግን በሚዛን አጋለጠው አለ። አዳራሹ ሃሌሉያ ብሎ አጨበጨበ።  ሚዛኑ ላይ የዋሸው ተጨንቆ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሰውየውን ስብከት ሊያደርጋቸው ነው።

ከዚያ ማይኩን አምጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ አብሮኝ ስለነበረ እሱም ይመስክር አለ። ተነሣሁ። ያልኩት ምንድን ነው? "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ተቀመጥኩ። ሳሮን ማይኩን ከእጄ ወሰደችው።

"ሰውዬው ሌባ አይደለም" አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ስፒከሩን ብራዘር ጌታነህ አስገባ። ገመዱን አባቴ አሰረ። እኔ አየሁ። እኔም ዝም አልኩ። ሶሪ።"

  ከዚያ ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም ፈጥኖ መዝሙር ጀመረ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ከፕሮግራሙ በኋላ የቸርቹ ሽማግሌዎች ጠርተው፣ ልጅህ ታላላቆቿን በአደባባይ አሳፍራለች፣ ይቅርታ ትጠይቅ አሉኝ። ስለ ፍሎሬንቲኖ የጠየቀኝ አልነበረም። እሷ ይቅርታ አትጠይቅም ብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቸርች አልሄድኩም። ወንድም ጌታነህ አሁንም ያገለግላል ይባላል።

ያን ዕለት ቤት እንደገባን ሳሮን ኮምፒውተሯን ከፈተች። እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች። ዕቃውን ማን እንዳስገባ፣ ገመዱን ማን እንዳሰረ፣ ፍሎሬንቲኖ ምንም እንደማያውቁ ሳናስቀር ዘርዝረን ለማሪሴል ላክን። መልሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ደብዳቤውን ለተሸካሚዎቹ አለቃ አንብባለታለች፤ ሰው ልኮ ሊጠራቸው ሞክሯል። ፍሎሬንቲኖ ግን ሌባ ተብዬ በወረድኩበት መንገድ ተመልሼ አልወጣም ብለዋል። ከሥሩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምራለች፦ "ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ጠየቅኳችሁ፤ አንተን ደግሞ ለብቻህ።"

እውነቷን ነው። ሁለቴ ሁላችንንም ጠየቀችን፤ በሦስተኛው አጠገቤ መጥታ፣ ዐይኔን እያየች እኔን ጠየቀችኝ። እኔም አላየሁም አልኳት። ከላይ ስጽፈው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀችን፣ እኔም ዝም ብቻ ያልኩ አስመስዬ ነው የጻፍኩት። ተመልሼ ላስተካክለው አስቤ ተውኩት። ዛሬም ቢሆን ስለዚያ ቀን ሳወራ ለራሴ ማሳመሬን አልተውኩም፤ ከሁሉ በላይ የሚያስጠላኝም እሱ ነው።